ቀዳዳው የት ይበሳ?

ወራት የፈጀው ሥራ አልቋል። መስታወቱ በዱቄት ተሞርዶ፣ ተወልውሎ፣ አሉሚኒየም ተቀብቶ ከቱቦው ግርጌ ተቀምጧል። ኮምፔንሳቶው ተቆርጦ መቆሚያ ሆኗል፤ ቱቦው ከውስጥ ጥቁር፣ ከውጭ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ጨረቃም ወጥታለች። ሠሪው የዓይን ሌንሱን፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በሚያንቀሳቅሰው ፎከሰር ውስጥ ከትቶ ጎንበስ ብሎ ያያል። ብዥ ያለ ብርሃን ነው። የፎከሰሩን መዘውር ወደ ውስጥ ያዞራል፤ የጨረቃ ጠርዝ እየጠራ ይመጣል፣ ጉድጓዶቿም መለየት ይጀምራሉ። ገና ጥቂት ሲቀር ፎከሰሩ መጨረሻው ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል። ከዚያ ወዲያ መግቢያ የለም። ጥርት ያለው ምስል ከሌንሱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ሌንሱ ሊደርስበት በማይችል ቦታ ቀርቷል።

ቴሌስኮፕ በእጃቸው የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ይህን ሌሊት ያውቁታል። ጥፋቱ የመስታወቱ አይደለም። የሚሊ ሜትር አሥር ሺህኛ ያህል እንኳ ሳይሳሳት መስታወት ያለሰለሰ እጅ፣ ቱቦውን ሲበሳ በሁለት ሴንቲ ሜትር ይስታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መስታወቱ ወራት ሲሰጠው፣ ቀዳዳው የተሰጠው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚታየው ያ ፎከሰሩ የሚገጠምበት ቀዳዳ ነው። የት እንደሚበሳ የሚወስነው ቁጥር የሁለተኛውን መስታወት መጠን፣ የቱቦውን ርዝመት፣ ካሜራ ይሠራ አይሠራ እንደሆነ፣ አልፎም ተመልካቹ ቆሞ ወይስ ተቀምጦ እንደሚያይ ይወስናል።

ብርሃኑን ወደ ጎን ማውጣት

ነገሩ ከመነሻውም የቦታ ጥያቄ ነበር። ጎድጓዳ መስታወት ከኮከብ የመጣውን ብርሃን ሰብስቦ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ምስሉ የሚፈጠረው ከመስታወቱ ፊት ለፊት፣ ብርሃኑ በሚገባበት መንገድ መሐል ነው። ምስሉን ለማየት ራሱን ወደዚያ ያስገባ ሰው ብርሃኑን ይጋርደዋል።

አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 ለዚህ መላ አገኘ። ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት በ45 ዲግሪ አዘንብሎ በብርሃኑ መንገድ ላይ አስቀመጠና ምስሉን በቱቦው ጎን ባለ ቀዳዳ አወጣው። ዋናው መስታወቱ ከመዳብና ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠራ፣ ስፋቱም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የነበረ ነው። በ1671 መጨረሻ ሁለተኛ ቴሌስኮፑ ለንደን ለሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ ቀረበ። ዛሬ በየጋራዡና በየጓሮው የሚሠሩት አብዛኞቹ ቴሌስኮፖች የዚያ ዘር ናቸው፦ ከታች ጎድጓዳ መስታወት፣ ከላይ ሰያፍ መስታወት፣ በጎን ቀዳዳ።

ኒውተን ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በእንግሊዟ ባዝ ከተማ ኦርጋን በመጫወትና ሙዚቃ በማስተማር ይተዳደር የነበረው ዊልያም ኸርሼል ይህንኑ ዓይነት ቴሌስኮፕ በቤቱ ሠራ። እህቱ ካሮላይን፣ እጁን ከመስታወቱ ላይ ሳያነሳ ለረጅም ሰዓታት ሲወለውል ምግቡን ታጎርሰው እንደነበር ጽፋለች። መጋቢት 13 ቀን 1781 እ.ኤ.አ. ስፋቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ መስታወት ዩራነስን አገኘ።

ኸርሼል በ1789 ያጠናቀቀው 12 ሜትር የሚረዝም ቴሌስኮፕ ግን ሰያፍ መስታወት አልነበረውም። በዘመኑ የነበረው የብረት ቅይጥ መስታወት ከሚያርፍበት ብርሃን ሲሶ ያህሉን ያስቀር ነበር፤ ሁለት መስታወት ማለት ኪሳራው ሁለት ጊዜ ነው። ስለዚህ 1.2 ሜትር ስፋት ያለውን ዋናውን መስታወት ጥቂት አዘነበለና ምስሉን ወደ ቱቦው አፍ ጠርዝ አመጣው። ተመልካቹም ከቱቦው አፍ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ በሚል መድረክ ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ መስታወቱ ይመለከት ጀመር። ዓይን የሚያርፍበትን ቦታ መቀየሩ የመቆሚያውን ሕንፃ በሙሉ ቀየረው።

የስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ሠራተኞች

ሙያው ወደ ተራው ሰው እጅ በሰፊው የገባው በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ትንሽ የማሽን ፋብሪካ ከተማ ነው። ራስል ፖርተር የከተማዋ ተወላጅ፣ ሠዓሊና በወጣትነቱ ወደ ሰሜን ዋልታ ከተደረጉ ጉዞዎች የተሳተፈ ሰው ነበር። በ1920 አሥራ ስድስት ያህል ሰዎች ሰብስቦ መስታወት መሞረድ አስተማረ። አብዛኞቹ ቶርኖና መለኪያ የዕለት እንጀራቸው የሆኑ የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። በ1923 ማኅበር መሠረቱ፤ ከከተማዋ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ የሠሩትን ሮዝ ቀለም የተቀባ ቤት «ስቴላፌን» አሉት፣ የከዋክብት መቅደስ እንደማለት። በኅዳር 1925 አልበርት ኢንጋልስ የተባለ አዘጋጅ ስለ እነርሱ በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ጻፈ፤ በማግሥቱ ዓመት የመጀመሪያው የቴሌስኮፕ ሠሪዎች ጉባኤ እዚያው ተካሄደ። ዛሬም በጋ ሲመጣ ሰዎች በእጃቸው የሠሩትን ይዘው ወደዚያ ኮረብታ ይወጣሉ።

ፖርተር ዓይን የት ማረፍ እንዳለበት በጥብቅ ያስብ ነበር። በተለመደው የኢኳቶሪያል መቆሚያ ላይ ቱቦው ኮከብ ሲከተል አብሮ ስለሚዞር የዓይን ሌንሱ አንዴ በጎን፣ አንዴ ከሥር፣ አንዴ ከራስ በላይ ይገኛል። እርሱ በከተማዋ ስም የሚጠራውን የስፕሪንግፊልድ መቆሚያ ነደፈ። ከሰያፉ መስታወት የወጣው ብርሃን በአንደኛው የመዞሪያ ዘንግ ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ አንድ ፕሪዝም በሁለተኛው ዘንግ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ቴሌስኮፑ ወዴትም ቢዞር የዓይን ሌንሱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ተመልካቹም ከወንበሩ አይነሳም።

ለዚህ ምቾት የተከፈለው ዋጋ የዛሬውን ሠሪም ይመለከተዋል። ብርሃኑ ከቱቦው ወጥቶ በሁለት ዘንጎች ውስጥ ለማለፍ ረጅም መንገድ ይፈልጋል። ምስሉ ከቱቦው ግድግዳ በጣም ርቆ እንዲፈጠር ሰያፉ ወደ ዋናው መስታወት መቅረብ፣ መጠኑም መስፋት አለበት። ሠሪዎች ይህን ከግድግዳው ወይም ከፎከሰሩ ወዲያ የሚተርፍ የብርሃን መንገድ «ባክ ፎከስ» ይሉታል። የባክ ፎከስ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር የሚቆረጠው ከሌላ ቦታ ነው።

አራት ቁጥሮች

በጀማሪዎች ዘንድ የተለመደውን 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት እንውሰድ፤ የትኩረት ርቀቱ 1200 ሚሊ ሜትር ይሁን። ብርሃኑ ከመስታወቱ ተነስቶ እስኪሰበሰብ 1200 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። የእቅዱ ጥያቄ ከዚህ ጉዞ ስንቱ በቱቦው ውስጥ ሽቅብ፣ ስንቱ ከሰያፉ ወደ ጎን እንደሚሆን ነው።

የጎኑን ጉዞ ለማወቅ አራት ቁጥሮች ይደመራሉ። የመጀመሪያው ከቱቦው መሐል እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ያለው ነው፤ የውስጥ ስፋቱ 240 በሆነ ቱቦ 120 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሁለተኛው የግድግዳው ውፍረት ነው፤ 5 እንበል። ሦስተኛው ፎከሰሩ እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ሲገባ የሚኖረው ቁመት ነው፤ ዝቅ ያለ ፎከሰር ከሆነ 45። አራተኛው መጠባበቂያ ነው፤ 15። ድምሩ 185 ይመጣል። ከ1200 ሲቀነስ 1015 ይቀራል። የፎከሰሩ ቀዳዳ መሐል ከዋናው መስታወት ፊት 1015 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል ማለት ነው። የሚለካው ከመስታወቱ ፊት እንጂ ከጀርባው ወይም ከቱቦው ጫፍ አይደለም። በዚህ መስታወት የጉድጓዱ ጥልቀት መሐሉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ስሌቱን አያውክም፤ የመስታወቱን ውፍረት መርሳት ግን ያውካል።

መጠባበቂያው ለምን አስፈለገ? የዓይን ሌንሶች ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ፎከስ አያደርጉም። አንዱ ገባ፣ ሌላው ወጣ ማለት ይፈልጋል፤ ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። የሰው ዓይንም ይለያያል። ሩቅ የማያይ ሰው መነጽሩን አውልቆ ሲመለከት ሌንሱን ወደ ውስጥ ማስገባት አለበት። በ25 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ ለእያንዳንዱ ዳዮፕተር 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠየቃል፤ 4 ዳዮፕተር መነጽር ላለው ሰው 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። መጠባበቂያ ያልተወለት ቴሌስኮፕ ለሠሪው ዓይን ጥርት ብሎ ለጎረቤቱ ብዥ ሊል ይችላል።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ አንድ ሐቅ አለ። ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይደሉም። ምስሉ ከፎከሰሩ አልፎ ርቆ ቢፈጠር፣ መራዘሚያ ቱቦ ገዝቶ ወይም ቶርኖ ቤት አስቆርጦ መድረስ ይቻላል። ምስሉ ወደ ውስጥ ቀርቶ ሌንሱ ካልደረሰበት ግን መስታወቱን ወደ ፊት መግፋት፣ አዲስ የብሎን ቀዳዳ መብሳት፣ አንዳንዴም ቱቦ መለወጥ ይመጣል። ስለዚህ ሲጠራጠሩ ትንሽ ወደ ውጭ ማድላት ይሻላል።

ትንሹ መስታወት ምን ያህል ይሁን?

ወደ ውጭ ማድላትም ገደብ አለው። ከዋናው መስታወት የሚመለሰው ብርሃን እንደ ቀለም ማንቆርቆሪያ እየጠበበ የሚሄድ ሾጣጣ ነው። ሰያፉ ሾጣጣውን የሚቆርጠው ከጫፉ 185 ሚሊ ሜትር ላይ ከሆነ፣ እዚያ ላይ ስፋቱ 185 በ200 ተባዝቶ ለ1200 ሲካፈል የሚገኘው፣ 31 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህ ግን ለአንዲት የመሐል ነጥብ ብቻ ይበቃል። በዙሪያዋ ያለው ሰማይም ሙሉ ብርሃን እንዲያገኝ ሰያፉ መስፋት አለበት።

ጥሩ መለኪያ ጨረቃ ናት። 1200 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው መስታወት የሚፈጥረው የጨረቃ ምስል ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጨረቃ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እኩል ብሩህ ሆና እንድትታይ ሠሪው 12 ሚሊ ሜትር ቢያቅድ፣ የሰያፉ አጭሩ ስፋት 41 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ይህ ከዋናው መስታወት ስፋት 20 በመቶ ያህል ነው።

አሁን ዝቅ ባለው ፎከሰር ፈንታ 100 ሚሊ ሜትር የሚቆም ረጅም ፎከሰር ይተካ። የጎኑ ጉዞ 240 ይሆናል፤ ቀዳዳው ወደ 960 ይወርዳል፤ ሰያፉም 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ 25 በመቶ። ሰያፍ መስታወት በሰፋ ቁጥር በፕላኔቶች ላይ ያሉት ደብዛዛ ዝርዝሮች፣ ማለትም የጁፒተር ቀበቶዎችና የማርስ ጥላዎች፣ እየፈዘዙ ይሄዳሉ። ፎከሰር ሲገዛ ቁመቱን የማይጠይቅ ሰው፣ ሳያውቀው የፕላኔቶቹን ጥራት አብሮ ይወስናል።

በተቃራኒው በጣም መስገብገብም ዋጋ አለው። ምስሉን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ሰያፉን ለማሳነስ የሚሞክር ሠሪ፣ ፎከስ ለማድረግ የፎከሰሩን ቱቦ እስከ ብርሃኑ መንገድ ድረስ ያስገባዋል። የቱቦው ጫፍ ብርሃኑን ሲነካ በደማቅ ከዋክብት ዙሪያ ያልተፈለገ ጨረር ይፈጥራል።

ካሜራ ሲመጣ

ከዚህ ሁሉ በላይ እቅድ የሚያፈርሰው ካሜራ ነው። ዓይን ሌንስ ይፈልጋል፤ ካሜራ ግን ምስሉ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ እንዲያርፍ ይፈልጋል። ሴንሰሩ ደግሞ በካሜራው ሆድ ውስጥ ነው። በካነን ኢኤፍ ካሜራዎች ከመግጠሚያው ፊት እስከ ሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኒኮን ኤፍ 46.5። ቴሌስኮፕን ከካሜራ የሚያገናኘው ቲ ሪንግ ሲጨመር 55 ሚሊ ሜትር ይሞላል። መስታወት አልባዎቹ አዳዲስ ካሜራዎች ይህን ርቀት ከ16 እስከ 20 አውርደውታል፤ ለቴሌስኮፕ ሠሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

የቀደመው ምሳሌ 15 ሚሊ ሜትር መጠባበቂያ ነበረው። ካሜራው 55 ይጠይቃል። 40 ሚሊ ሜትር ጎደለ። በተለምዶ የሚወሰደው እርምጃ ዋናውን መስታወት በቱቦው ውስጥ 40 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት መግፋት ነው፤ ካሜራውም ፎከስ ያደርጋል። ነገር ግን ሰያፉ ከሾጣጣው ጫፍ ስለራቀ ሾጣጣው እርሱ ላይ ሲደርስ ሰፍቷል። 42 ሚሊ ሜትር በሆነ ሰያፍ፣ ሙሉ ብርሃን የሚያገኘው ክብ ከ13 ሚሊ ሜትር ወደ 5 ተኩል ይወርዳል። የጨረቃ ፎቶግራፍ መሐሉ ብሩህ፣ ጠርዙ የደበዘዘ ይሆናል።

አስቀድሞ ያሰበ ሰው ሌላ መንገድ አለው። ከመነሻው የጎኑን ጉዞ 225 አድርጎ ያሰላል፤ ሰያፉን 47 ወይም 48 ሚሊ ሜትር ያደርጋል፤ ቀዳዳውን 975 ላይ ይበሳል። ካሜራው በቀጥታ ይገጠማል፤ በዓይን ሲመለከት 40 ሚሊ ሜትር መራዘሚያ ቱቦ ያስገባል። አንድ ቴሌስኮፕ ሁለቱንም ያገለግላል። ካሜራ ፈጽሞ የማይገጥም፣ ለፕላኔቶች ብቻ የሚሠራ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ትቶ ትንሹን ሰያፍ መያዝ አለበት። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚከፋው ሳይመርጡ መጀመር ነው።

የፎከሰሩ ጥራትም ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ ቴሌስኮፕ ምስሉ ጥርት ብሎ የሚቆየው ከትክክለኛው ቦታ ወዲያና ወዲህ 0.04 ሚሊ ሜትር ውስጥ ብቻ ነው። ካሜራ ሲሸከም የሚንጋደድ ፎከሰር ከዚህ በላይ ይስታል።

ወንበርና መሰላል

በ1960ዎቹ መጨረሻ በሳን ፍራንሲስኮ መንገዶች ላይ አንድ ሰው ቴሌስኮፕ ዘርግቶ አላፊ አግዳሚውን ጨረቃን እንዲያይ ይጋብዝ ነበር። ጆን ዶብሰን ከሃያ ዓመት በላይ በቬዳንታ ገዳም መነኩሴ ነበር። እዚያ ሳለ ከመርከብ መስኮት መስታወት፣ ከካርቶን ቱቦና ከኮምፔንሳቶ ቴሌስኮፕ መሥራት ጀመረ። በ1968 ከወጣቶች ጋር የመሠረተው የመንገድ ላይ አስትሮኖሚ ቡድን መቆሚያውን በዓለም ሁሉ አሰራጨው። በስሙ የሚጠራው ዶብሰኒያን ቀኝና ግራ፣ ላይና ታች ብቻ የሚዞር ሣጥን ነው።

በእንዲህ ያለ መቆሚያ ቱቦው በራሱ ዙሪያ ስለማይሽከረከር የቀዳዳው አቅጣጫ አንዴ ከተወሰነ አይለወጥም። ብዙዎች በጎን፣ ከአድማስ ጋር ትይዩ አድርገው ይበሱታል፤ ሌሎች 45 ዲግሪ ወደ ላይ ያዘነብሉታል። ቁመቱም አስቀድሞ ይታወቃል። ቀዳዳው ከመስታወቱ 1015 ሚሊ ሜትር ላይ ከሆነ፣ መስታወቱና የሣጥኑ መሠረት ሲጨመሩ፣ ቱቦው ቀጥ ብሎ ሲቆም ዓይን ከመሬት 1.2 ሜትር ገደማ ላይ ያርፋል። ወንበር ላይ ለተቀመጠ አዋቂ ልክ ነው። የትኩረት ርቀቱ 2 ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ግን ለብዙ ሰው መሰላል ይጠይቃል።

ለኢትዮጵያዊ ሠሪ ይህ የከፍታ ቁጥር ከስፕሪንግፊልዱ ሠሪ ይልቅ ይከብዳል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፕላኔቶች የሰማይ ጉዟቸው ጫፍ ላይ ሲደርሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአድማስ ከ55 ዲግሪ በላይ ይሆናሉ፤ አንዳንዴም ከአናት ጥቂት ብቻ ይርቃሉ። በቨርሞንት ግን ከ25 ዲግሪ ብዙም የማይበልጡባቸው ዓመታት አሉ። በእኛ ሰማይ ሥር ቱቦው የሚውለው ሽቅብ ቆሞ ነው። የሌንሱ ከፍታ ሲታሰብ መነሻው ቀጥ ብሎ የቆመው ቱቦ መሆን አለበት።

መሰርሰሪያው በመጨረሻ

የሥራው ቅደም ተከተል እንግዲህ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ መስታወቱ ይለቅ፣ ከዚያ የትኩረት ርቀቱ ይለካ። 1200 ተብሎ የታቀደ የእጅ ሥራ 1170 ወይም 1230 ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ በወረቀቱ ቁጥር የበሳ ሰው በመግቢያችን ላይ ያለውን ሌሊት ያድራል። ፈረንሳዊው ሊዮን ፉኮ በ1858 የገለጸው የምላጭ ፈተና የመስታወቱን ቅርጽ ለመመርመር የታሰበ ቢሆንም ይህንንም ይለካል። ትንሽ መብራትና ምላጭ ከመስታወቱ ፊት ይቆማሉ፤ ምላጩ ብርሃኑን በአንድ ጊዜ የሚያጠፋበት ቦታ ከመስታወቱ የትኩረት ርቀቱ እጥፍ ላይ ነው። በሜትር ለክቶ ለሁለት ማካፈል ነው።

ቀጥሎ ፎከሰሩና ካሜራው በእጅ ይያዙና በካሊፐር ይለኩ፤ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው አይበቃም። ቱቦው ከሚያስፈልገው ረዘም ብሎ ይቆረጥ። ከፎከሰሩ አልፎ ቢያንስ የቱቦውን ስፋት ያህል ቢተርፍ የመንገድ መብራትን ይከላከላል፤ ከፎከሰሩ ትይዩ ያለው ግድግዳም በማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ይቀባ። መስታወቱን የሚያስተካክሉት ብሎኖች ከመንገዳቸው እኩሌታ ላይ ይሁኑ፣ በኋላ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ቦታ እንዲኖር። ከተቻለ ከመብሳት በፊት መስታወቱ፣ ሰያፉና ፎከሰሩ በአንድ ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ ታስረው በሌሊት በጨረቃ ወይም በኮከብ ይሞከሩ። ይህ ሙከራ በቀን፣ ፀሐይ ባለችበት አቅጣጫ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ መስታወቱ የሰበሰበው የፀሐይ ብርሃን ዓይንን በቅጽበት ያጠፋል።

በስቴላፌን ኮረብታ ላይ ዛሬም የቆመ አንድ ግንብ አለ። ፖርተርና ጓደኞቹ በ1930 ገደማ የጨረሱት ነው። የቨርሞንት ክረምት የሚያቆራምድ ስለሆነ ኦፕቲክሱን ከውጭ፣ የዓይን ሌንሱን ከውስጥ አደረጉት፤ ተመልካቹ በሞቀ ክፍል ተቀምጦ ከዋክብትን ያያል። የሕንፃው ቅርጽ የተወሰነው ዓይን የት እንደሚያርፍ ከተወሰነ በኋላ ነበር። ስቴላፌን በ1989 በአሜሪካ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቧል።

በአዲስ አበባም ይሁን በባሕር ዳር፣ በዋሽንግተንም ይሁን በቴል አቪቭ መስታወት መሞረድ የጀመረ አንባቢ ካለ፣ መስታወቱ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ያውጣ። የቱቦውን እኩሌታ፣ የግድግዳውን ውፍረት፣ የፎከሰሩን ቁመትና መጠባበቂያውን በተርታ ይጻፍ። ካሜራ ይገጥም እንደሆነም ከሥሩ ይጨምር። መሰርሰሪያውን ግን መስታወቱ አልቆ የትኩረት ርቀቱ እስኪለካ ድረስ ከመደርደሪያው አያውርድ።